ወፍራም አንድ

ሐሙስ ጠዋት፣ የመጀመሪያው ደወል ሳይደወል፣ መምህር አስናቀ አምስት ስሞች የሰፈሩበትን ወረቀት ለምክትል ርዕሰ መምህሩ ለአቶ ክብሩ አስረከበ፤ ካስረከበበት ቅጽበት ጀምሮም አንድ ቦታ መርጋት ተሳነው። ክፍል ገብቶ ስም ጠራ፤ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ተመለሰ፤ ጠመኔውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። በአንደኛ ክፍል ስልሳ ሦስት ልጆች ያስተምራል። ከእነዚህ መካከል አምስቱ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ከጓደኞቻቸው ተለይተው፣ መደመር ላልገባቸው ልጆች ወደተከፈተው የከሰዓት ፈረቃ እንዲዛወሩ በጽሑፍ ያመለከተው እሱ ነበር።

የራሱ ፈቃድ ብቻ ነበር ማለት አይቻልም፤ ደንብ ነው። ረቡዕ ዕለት የአንደኛ ክፍል ልጆች ሁሉ አሥር የመደመር ጥያቄ ተፈትነዋል። ከአሥሩ አምስት ያላገኘ ይዛወራል፤ ዝርዝሩም ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል። አስናቀ ደግሞ ደንብ የሚያከብር ሰው ነው። በአሥራ አንድ ዓመት የማስተማር ሥራው አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም፤ የትምህርት ዕቅዱን በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፎ ርዕሱን በቀይ ያሰምርበታል። የፈተናውንም ወረቀት ሁለት ጊዜ አርሞ፣ ነጥቡን ሁለት ጊዜ አመሳክሮ ነው ያስረከበው። ስለዚህ ዕረፍት የሚነሳው ነገር ሊኖር አይገባም ነበር። ግን ነሣው።

ከአምስቱ ልጆች ዳልጮ ወረቀቱን ባዶውን መልሷል። በዛብህና ኢያኤል ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ስህተት ገልብጧል። አበቡ የምትባለው ዝምተኛ ልጅ አሥሩንም ጥያቄ «2» ብላ መልሳለች። አምስተኛዋ እድላዊት ናት። አስናቀን ከመስኮት ወደ ሰሌዳ፣ ከሰሌዳ ወደ መስኮት የሚያመላልሰው የእሷ ወረቀት ነበር።

እድላዊት ከአሥር አንድ አግኝታለች። አምስትና ሦስትን ሰባት ብላለች። አራትና አራትንም ሰባት፤ ሦስትና ሦስትን አምስት፤ ስድስትና ሁለትን ሰባት። የመጀመሪያውን ጥያቄ፣ አንድ ሲደመር አንድን፣ በደንብ በተሳለ ቁጥር «1» ብላ ጽፋለች። ትክክል የሆነላት «4 + 0» ብቻ ነው። የቀሩት ዘጠኙ መልሶች እያንዳንዳቸው ከትክክለኛው በአንድ ያንሳሉ፤ ከዚያ የባሰም የተሻለም የለም።

በረቡዕ ከሰዓት በመምህራን ክፍል ወረቀቷን ያየችው ፌቨን፣ የጎረቤት ክፍል መምህርት፣ ሻይዋን አስቀምጣ ነበር የሳቀችው።

«አንድ ሲደመር አንድ፣ አንድ? ይቺ ልጅ ለሠርግ ስብከት እንጂ ለሒሳብ አልተፈጠረችም።»

ሌሎቹም ሳቁ። አስናቀ አልሳቀም፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ለስህተቷ ምክንያት ነበረው፤ በኮሌጅ የተማረው፣ በመጽሐፍ የሰፈረ ምክንያት። ልጆች በጣታቸው ሲደምሩ አምስት ካሉ በኋላ ቀጣዩን ጣት ስድስት ማለት ሲገባቸው እንደገና አምስት ብለው ይጀምራሉ፤ አንድ ይጎድልባቸዋል። መድኃኒቱም በመጽሐፉ ተጽፏል፤ ልጁ ጣቱን ትቶ የሚጨበጥ ነገር ይቁጠር ይላል። አስናቀ ከሦስት ሳምንት በፊት ያንኑ አድርጎ ነበር። ከለስላሳ መሸጫ የለቀመውን ቆርኪ በዴስኳ ላይ ዘርግቶ፣ አምስት ወደዚህ፣ ሦስት ወደዚያ ለይቶ፣ «አንድ ላይ አድርጊና ቁጠሪ» አላት። እድላዊት ሁለቱን ክምር እየገፋች አስጠጋቻቸው፤ ከዚያም ከአምስቱ የመጨረሻውን ቆርኪ ብድግ አድርጋ ከሦስቱ በመጀመሪያው ላይ ጫነችው።

«አትጫወቺ» ብሎ አወረደው።

እንደገና ጫነችው። እንደገና አወረደው። በሦስተኛው ጊዜ ቆርኪዎቹን ሁሉ ሰብስቦ ለሌላ ልጅ ሰጠባት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቆርኪ ጠይቃ አታውቅም፤ ጣቷንም አታወጣም። ሲጠይቃት ዓይን ዓይኑን እያየች በአንድ የጎደለውን መልስ ፈጥና ትሰጠዋለች። አስናቀን የከነከነው ይህ ፍጥነት ነበር። ያላወቀ ልጅ እንዲያ አይመልስም። ያላወቀ ልጅ ጣራ ያያል፤ የጓደኛውን ከንፈር ያያል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሁለት መልስ ባንድ ጊዜ ይሰጣል። እድላዊት ግን ስትሳሳት የምታውቅ ሰው ፊት ነበራት።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ደወል ተደወለ። አስናቀ ልጆቹን እስከ በር ሲሸኝ የእድላዊት እናት ወርቄ ከጥበቃው ጎን ቆማ ጠበቀችው። ረጅም፣ ቀጭን ሴት ናት፤ በአንገቷ ላይ የስፌት ሜትር እንደ ነጠላ ተንጠልጥሏል፤ አውልቃ መምጣቱን የረሳችው ይመስላል። በእጇ ጠዋት ለአምስቱ ወላጆች እንዲደርስ በልጆቹ በኩል የላከውን ወረቀት ይዛለች።

«መምህር፣ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ፣ ወይዘሮ ወርቄ።»

«እኔ ፊደል ብዙ አላውቅም። ወንድሟ ከእሷ ተቀብሎ በዕረፍት ሰዓት ሲያመጣልኝ ጎረቤቴን አስነበብኩ። ልጅሽ መደመር አትችልም ይላል አለችኝ። ጎረቤቴ ተንኮለኛ ናት፤ አላመንኳትም። ሌላ ሰው አስነበብኩ። እሱም ያንኑ አለ።»

«ውጤቷ ከአሥር አንድ ነው። አዝናለሁ።»

«ቤት አንድም አትስትም።»

«ቤትና ትምህርት ቤት...»

«አንድም አትስትም አልኩዎት፣ መምህር። በየቀኑ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች፣ ምሳዋን እንደበላች አስጠናታለሁ። በወላጆች ስብሰባ ‹በቤታችሁ ባለ ነገር አስተምሯቸው፤ ገንዘብ አያስፈልገውም› ያሉን እርስዎ አይደሉም? ሌሎቹ ሰምተው ሄዱ። እኔ ቤቴ ሄጄ አስተማርኳት።»

«በምን አስተማሯት?»

«በቤቴ ባለ ነገር ነዋ።»

ጥበቃው ፊቱን አዙሮ ሳቀ። አስናቀ እንደ ደንቡ ሊመልስ አሰበ፤ ዝርዝሩ ገብቷል፣ የከሰዓቱ ፈረቃ ለልጅቷ ጥቅም ነው፣ አስተማሪውም የተሻለ ጊዜ ይሰጣታል። ጀመረውም። ወርቄ ግን አላስጨረሰችውም።

«ከሰዓት ማን ያመጣታል? ጠዋት እሰፋለሁ፤ ከሰዓት የሰፋሁትን ይዤ እስከ ላይኛው ሰፈር፣ እስከ ሴቻ ዳገት ድረስ ሱቅ ለሱቅ እዞራለሁ። ወንድሟ የጠዋት ተማሪ ነው፤ ከሰዓት ይሠራል። ይህን መንገድ ያውቁታል፤ የሙዝ አይሱዙ ልጅ አይቶ አይቆምም። ስለዚህ ገጠር፣ ኦቾሎ እናቴ ጋ ልልካት ነው።»

«ኦቾሎም ትምህርት ቤት አለ።»

«አለ። ታላቅ እህቷም ትምህርት ቤት አለ ተብላ ነው የሄደችው። እናቴ ብቻዋን ናት፤ ዓይኗ ደክሟል። ልጅ እጇ ከገባች መጀመሪያ ውኃ፣ ከዚያ እንጨት፣ ከዚያ ጥጥ መፍተል ነው። ይኸው ሦስት ዓመት፤ ትልቋ ደብተሯን ለሳሙና መጠቅለያ አድርጋዋለች። እናቴን አልከስም፤ ሥራ አለባት። ግን እድላዊት ሰኞ ኦቾሎ ከወጣች ወደዚህ አትመለስም። ይምጡና ቤቴ ይዩዋት። ከሳተች እኔው ራሴ ሻንጣዋን እይዛለሁ።»

እድላዊት የእናቷን ቀሚስ ይዛ ቁልቁል የአስናቀን ጫማ ነበር የምታየው። አስናቀ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ብሎ ተከተላቸው።

መንገዱ ከሲቀላ ሰፈር መሐል ወደ ዳር ይወጣል። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፤ ከአባያ ሐይቅ በኩል የሚመጣው ነፋስ አቧራ እንጂ ቅዝቃዜ አልያዘም። አስናቀ ከወርቄ ቀድሞ ይራመዳል፤ መንገዱን እንደማያውቅ ሲያስታውስ ይቆማል፤ ሲደርሱበት ደግሞ ይቀድማል። ሙዝ የጫነ መኪና ሲያልፍ ወርቄ ልጇን ወደ ውስጠኛው ጎን አዛወረች። አስናቀ ይህን አየ። በየቀኑ ሁለት ጊዜ እንዲህ የሚያዛውራት እጅ ከሰዓት አይኖርም።

ቤቱ በቆርቆሮ የተሠራ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። በበሩ በኩል የስፌት መኪና ቆሟል፤ በጓሮው በኩል ከጥላው ሥር የሽመና ዕቃ ተተክሏል። ረጅም መንገድ መሄድ ያቃታቸው የወርቄ አጎት ጋሽ አሞጽ እግራቸውን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ አግብተው መወርወሪያ ይወረውራሉ። ሽማግሌው የሚሠሩት ዱንጉዛ ነው፤ የዶርዜና የኦቾሎ ሰዎች የሚለብሱት፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው ጨርቅ። ወርቄ ከእሱ ቦርሳ፣ ኮፍያና ሱሪ እየሰፋች ለሱቆች ታስረክባለች።

«መምህር ነው?» አሉ ጋሽ አሞጽ ሥራቸውን ሳያቆሙ። «ቁጭ በል፣ ልጄ። ወንበር ስጡት።»

«አመሰግናለሁ፤ አልቆይም።»

«እንግዲያው ቆመህ ትለካለህ። እግርህ ረጅም ነው፤ ሁለት ጥቅል ጨርቅ ትጨርስብናለህ።»

«ለሱሪ አይደለም የመጣው፣ አባባ» አለች ወርቄ። «እድላዊት መደመር አትችልም ብሎ ነው።»

መወርወሪያው ቆመ። ሽማግሌው አስናቀን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ይቺ? እኔ ስሳሳት ታርመኛለች እኮ።»

ወርቄ ከስፌት መኪናው ሥር የቁርጥራጭ ቅርጫት አወጣች። እድላዊት ሳትጠራ መጥታ ተንበረከከች፤ ከትምህርት ቤት በር ጀምሮ መሬት መሬት ያየ የነበረው ፊቷ አሁን ቀና ብሏል። እናቷ ሁለት ቁራጭ መርጣ አነሳች።

«ይህ ስንት መስመር ነው?»

«አምስት።»

«ይህስ?»

«ሦስት።»

«አንድ ላይ ስናደርጋቸው?»

«ሰባት» አለች እድላዊት፤ ፈጥና፣ እናቷን ዓይን ዓይኗን እያየች።

«ሰሙ?» አለች ወርቄ ወደ አስናቀ ዞራ።

አስናቀ የሚያሳዝን ነገር ያየ ሰው ሆነ። እናትየዋም አታውቅም ማለት ነው፤ ስህተቷን ከቤት ነው የያዘችው። ይህን በምን ቃል ሳያዋርድ እንደሚነግራት ሲያስብ ወርቄ ሁለቱን ቁራጮች ጠርዝ ለጠርዝ አጋጠመች፤ የአንዱን ጠርዝ ቀይ መስመር በሌላው ጠርዝ ቀይ መስመር ሥር አስገባች፤ በመርፌ ሦስት ቦታ ጠቀም ጠቀም አደረገችና ዘረጋችለት።

«ይቁጠሩ።»

ቆጠረ። ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቀይ። ከወዲያኛው ጫፍ ጀምሮ ደግሞ ቆጠረ። ሰባት ነው።

ጨርቁን ገልብጦ አየው። ስምንተኛው መስመር በጀርባው በኩል ከቀይ ሥር ቀይ ሆኖ ተኝቷል።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሰፋው?» አለ። ድምፁ ወደ ራሱ የተነገረ ያህል ዝቅ ብሏል።

«ታዲያ እንዴት ሊሰፋ ነው?» አሉ ጋሽ አሞጽ። «ሁለት ቀይ ጎን ለጎን ከዋለ ሰው ይስቅብናል። ጀማሪ ነው እንዲያ የሚሰፋ።»

እድላዊት በዚህ መሐል ከቅርጫቱ ሁለት ቀጫጭን ቀይ ቁራጮች ለቅማ፣ አንዱን በሌላው ላይ አጋድማ፣ በመዳፏ ጠፍጠፍ አደረገቻቸው።

«አንድና አንድ አንድ ነው» አለች። «ግን ወፍራም አንድ።»

አስናቀ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠ። የተቀመጠበት በርጩማ መቼ እንደተሰጠው አላስተዋለም። በዓይኑ የመጣበት ትንሽ እጅ ነበር፤ ከአምስቱ የመጨረሻውን ቆርኪ ብድግ አድርጋ ከሦስቱ በመጀመሪያው ላይ የምትጭን እጅ። ሦስት ጊዜ ልታሳየው ሞክራለች። ሦስት ጊዜ እጇን መልሶባታል። ከዚያ በኋላ ነው ወረቀት ሰጥቶ የፈተናት።

«ስህተቱ የእሷ አይደለም» አለ። «የእርስዎም አይደለም።»

«ታዲያ የማነው?» አለች ወርቄ።

አስናቀ ጨርቁን እንደገና ገለበጠው።

«ዝም ካለ የሱ ነው» አሉ ጋሽ አሞጽ፤ መወርወሪያቸውንም ቀጠሉ።

አስናቀ ተነሣ። ሁለቱን ቁራጮች ከስፌታቸው ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው፤ በመካከላቸው ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት ተወ። እድላዊትን ጠራት።

«ትምህርት ቤት ስንሆን አይሰፋም። እንዲህ ይቀመጣል፤ አይነካካም። አሁን ሁሉንም ቁጠሪ።»

እድላዊት ክፍተቱን አየች።

«ካልተሰፋ ይወድቃል፣ ቲቸር።»

«አይወድቅም። ጠረጴዛ ላይ ነው።»

«ካልሰፋነው ለምን አንድ ላይ እናደርገዋለን?»

«ለመቁጠር ብቻ።»

«ተቆጥሮስ?»

አስናቀ እስክሪብቶውን ከኪሱ አውጥቶ አሳያት።

«ተቆጥሮ ይጻፋል» አለ።

እድላዊት እናቷን አየቻት፤ እንግዳ ቤት ገብቶ ግራ የገባ ነገር ሲናገር ቤተሰብ እርስ በርሱ እንደሚተያየው። ወርቄ ትከሻዋን ነቀነቀች።

«ትምህርት ቤት እንዲያ ነው የሚሉት። እዚያ ስትሆኚ እንደነሱ በይ።»

«ስምንት» አለች እድላዊት።

አራትና አራት ጠየቃት፤ ስምንት አለች። ሦስትና ሦስት፤ ስድስት። አንድና አንድ ላይ ሲደርስ ሁለቱን ቀይ ቁራጮች በጣቷ እያራቀቻቸው፣ ጨርቅ ያለ ጥቅም የሚባክን ያህል ፊቷን ቋጠር አድርጋ፣ «ሁለት» አለች። ግማሽ ሰዓት ብሎ የመጣው ሰው አሥር ሰዓት ሲሆን ወጣ። ትምህርት ቤቱ ሲደርስ የአቶ ክብሩ ቢሮ ተቆልፏል። በሩን ሁለት ጊዜ ገፋው፤ መቆለፉን እያየ።

ዓርብ ጠዋት አቶ ክብሩ ሲመጡ በበራቸው ላይ ሁለት ሰው ቆሞ አገኙ፤ አስናቀና እድላዊት። አቶ ክብሩ በሃምሳዎቹ መጨረሻ ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አስረው የሚያንጠለጥሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው ናቸው። አስናቀ የመጣበትን ጉዳይ ቆሞ እየተናገረ ሳለ ወንበር በእጃቸው አሳዩት፤ አልተቀመጠም።

«ዝርዝሩን ትናንት ሰጠኸኝ፤ ዛሬ ልትቀበለኝ መጣህ» አሉ። «ነገስ ምን ይዘህ ትመጣለህ?»

«ነገ ቅዳሜ ነው» አለ አስናቀ፤ ቀልዶ አልነበረም።

አቶ ክብሩ መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀቷን አዩት፤ ከአሥር አንድ። ከዚያ እድላዊትን አዩዋት።

«ነይ እስቲ። አምስት ሲደመር ሦስት ስንት ነው?»

እድላዊት ወደ አስናቀ ዞረች። አስናቀ ሊረዳት አይችልምና መስኮቱን አየ። ልጅቷ ትንሽ አሰበች።

«የሚሰፋ ነው?»

«ምኑ?»

«አምስቱና ሦስቱ።»

«ጥያቄ በጥያቄ አይመለስም፣ ልጄ።»

«ከተሰፋ ሰባት፤ ካልተሰፋ ስምንት።»

አስናቀ በመስኮቱ በኩል አንድ ዝንጀሮ ከትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ዘሎ ሲወርድ አየ። እሱ ትናንት እንዳስተማራት ብቻ እንድትመልስ ነበር የተመኘው፤ አሁን ግን መልሷ ከፈለገው በላይ ትክክል መሆኑ የባሰ አስጨነቀው። ደንቡ የሚጠብቀው አንድ መልስ ነው።

«አንድ ሲደመር አንድስ?» አሉ አቶ ክብሩ።

«ሁለት። ከተሰፋ ግን አንድ ነው፤ ወፍራም አንድ።»

አቶ ክብሩ መነጽራቸውን አወለቁ። አልሳቁም። የኮታቸውን ጠርዝ በጣታቸው ገልብጠው ስፌቱን አዩት፤ ቀና ብለውም ልጅቷን «ሂጂ ወደ ክፍልሽ» አሏት። በሩ ሲዘጋ ከመሳቢያቸው አንድ ቅጽ አወጡ።

«የገባ ስም የሚሰረዘው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው» አሉ። «እዚህ ላይ ተጽፏል። በመምህሩ የምዘና ስህተት። ስትፈርምበት ቅጂው ከግል ማኅደርህ ጋር ይያያዛል። የዘንድሮውን የደረጃ ዕድገት ጠይቀሃል፤ አይደል?»

«ጠይቄያለሁ።»

«ማኅደሩን ያዩታል።»

አስናቀ እስክሪብቶውን አወጣ። በአሥራ አንድ ዓመት ያልተነካ ማኅደር ነበር። ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ፈረመበት፤ ቀኑን ጻፈ። ከዝርዝሩም ላይ የእድላዊትን ስም በማስመሪያ በቀጥታ ሠርዞ በጎኑ ፈረመ። አበቃ፤ እድላዊት በጠዋቱ ፈረቃ ትቀራለች፤ ኦቾሎ አትወጣም። ሊወጣ ዞረ።

«የቀሩት አራቱስ?» አሉ አቶ ክብሩ።

«የቀሩት አራቱ?»

«ቤታቸውን አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ የነሱ ውጤት ትክክል መሆኑን በምን አወቅህ?»

አስናቀ የበሩን እጀታ ይዞ ቆመ። «አላወቅሁም» አለ።

አቶ ክብሩ የግድግዳውን ሰዓት አዩ። «አሁን ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ይለጠፋል፤ ማታ ለትምህርት ጽሕፈት ቤት ይላካል። እኔ ላቆየው አልችልም። አንተም ክፍል አለህ።»

አስናቀ በዚያ ጠዋት ሦስት ክፍለ ጊዜ አስተማረ፤ ምን እንዳስተማረ ግን በኋላ የዕቅዱን መዝገብ ካላየ በቀር ሊያስታውስ አልቻለም። ልጆቹ ሲጽፉ በመደዳዎቹ መካከል ተመላለሰ። ዳልጮ ዴስክ አጠገብ ቆመ፤ ባዶ ወረቀት የመለሰው ልጅ እርሳሱን እየቀረጸ ነበር፤ እርሳሱ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። ምን ማለት እንደሆነ ሊያስብበት ሲጀምር በወዲያኛው ጥግ ሁለት ልጆች ተጣሉና ሄደ።

በዕረፍት ሰዓት አበቡን ብቻዋን አስቀራት። አሥሩንም ጥያቄ «2» ያለችው እሷ ናት። ቆርኪዎቹን በዴስኳ ላይ ዘረጋላት፤ አልነካቻቸውም። አጠገቧ ተቀመጠ። በዚህ ጊዜ እጇ ምንም ቢያደርግ እንደማይመልስባት ለራሱ ቃል ገብቶ ነበር፤ እጆቿ ግን ከጉልበቷ ላይ አልተነሡም።

«ለምንድን ነው ሁሉንም ሁለት ያልሽው?» አላት፤ ድምፁን አለሳልሶ። «አልቆጣሽም። ምክንያት ይኖርሻል። ንገሪኝ።»

አበቡ አየችው፤ ከዚያ ወለሉን አየች።

«ቤት ማን ያስጠናሻል?»

ጣቶቿን ጉልበቷ ላይ ቆለፈች።

«ቤታችሁ በየት በኩል ነው? ሴቻ ነው ወይስ ከታች?»

ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። አስናቀ በዚህች ቅጽበት አንድ ነገር አስተዋለ፤ ከመስከረም ጀምሮ ስሟን በየቀኑ ይጠራል፣ እሷም እጇን ታነሣለች፤ ድምፅዋን ግን ሰምቶ አያውቅም። ሊጠይቃት የሚገባው ምን እንደሆነ ገና ሲፈልግ ደወሉ ተደወለ፤ ስልሳ ሁለት ልጆች እየተጋፉ ገቡ።

ስድስት ሰዓት ላይ አቶ ክብሩ የታተመውን ዝርዝር አመጡለት። አራት ስሞች ነበሩበት። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፈው አስናቀ ነው፤ አራቱን ማዕዘን በአራት መርፌ ወጋው። ሲጨርስ ልጆቹ ወደ በሩ እየጎረፉ ነበር። እድላዊት ከእናቷ ጎን፣ ከመንገዱ ውስጠኛ ወገን ስትራመድ አያት፤ ወርቄም ከሩቅ አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሣችው። እጁን አነሣላት፤ ዓይኑ ግን ሌላ ልጅ እየፈለገ ነበር። አበቡን በበሩ በኩል አየና ቤቷን ለማወቅ በፍጥነት ተከተላት። መንገዱ ዳር ሲደርስ ባጃጆች፣ ሙዝ የጫነ መኪና፣ የከሰዓት ተማሪዎችን የሚያመጡ እናቶች ተደባልቀዋል። ወደ ሴቻ በሚወጣው መንገድ ጥቂት ሮጠ፤ ተመለሰ፤ ወደ ታች ጥቂት ሄደ። ልጅቷ በየትኛው እንደሄደች ሊለይ አልቻለም። ጥበቃውን ጠየቀው።

«የትኛዋ አበቡ?» አለ ጥበቃው።

ሰኞ ሰባት ሰዓት የከሰዓቱ ክፍል ሲከፈት ከአራቱ ሦስቱ ተገኙ፤ አበቡ አልነበረችም።